እትዬ ብርሃኔ የዘለሉት አህጉር

ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ። የእትዬ ብርሃኔ ልጅ ዳዊት ነበር። «እማዬ አረፈች» አለኝ። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ነገሩ ገና ለራሱም እንዳልገባው ያስታውቃል። ታምመው ነበር እንዴ፣ የትኛው ሆስፒታል ነው ያሉት ብዬ በጥያቄ አጣደፍኩት። የለም፣ አውቶቡስ ላይ ነው አለኝ። ሴንትራል ዲስትሪክት ከሚባለው ሰፈር ተሳፍረው መስኮት ሥር ተቀምጠው ነበር። አውቶቡሱ የመጨረሻው ፌርማታ ደርሶ ሰው ሁሉ ሲወርድ እሳቸው አልወረዱም። ሾፌሩ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት ሊቀሰቅሳቸው ሄደ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ሰው መጥራት፣ ጥቁር ልብስ መፈለግ፣ ወደ ለቅሶው ቤት መሄድ ነበረብኝ። በጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወዴት እየሄዱ ነበር? መልሼ ደውዬ ዳዊትን ጠየቅኩት። እሱም አላወቀም። ያ አውቶቡስ ወደ እሱ ቤት አይሄድም፤ ወደ እኔም አይመጣም። እስከ ዛሬ የነገረን ሰው የለም። እኔ ግን ከዚህ አሟሟት በላይ እሳቸውን የሚመስል ነገር አላውቅም።

እትዬ ብርሃኔን ያወቅኳቸው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ አሜሪካ፣ ሾርላይን የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። እኔ በዲቪ መጥቼ ብዙም አልቆየሁም፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ እሠራ ነበር። እሳቸው ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ከዳዊት ቤተሰብ ጋር ይኖራሉ። ዳዊት አውሮፕላን ፋብሪካ፣ ሚስቱ ሂሩት ሆቴል ውስጥ ይሠራሉ። ሊያ የምትባለውን ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚቀበላት ሰው ሲያጡ ነው እናቱን ከጅማ ያስመጣቸው። እትዬ ብርሃኔ ጅማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው።

ፊታቸውን ከማየቴ በፊት እግራቸውን ነው ያወቅኩት። ከኮርኒሴ በላይ ሰው ሲንጎራደድ ይውላል፤ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት። አንድ ቀን ሲታክተኝ ወጣሁና አንኳኳሁ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን በአጭሩ የተቆረጡ ሴት ከፈቱልኝ። ቆመው ሻይ እየጠጡ ነበር። ስለ እግራቸው ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ፤ ስሜን ጠየቁ፣ የትውልድ አገሬን ጠየቁ። ገነት እባላለሁ፣ ደሴ ነው የተወለድኩት አልኳቸው።

«ከዚያ በፊትስ?» አሉኝ።

ከዚያ በፊት ምን? ወላጆችሽ ደሴ የገቡት ከየት ነው፣ የእነሱስ ወላጆች፣ የእነሱስ? የአያቴ እናት ላይ ስደርስ የምለው ጠፋኝ። አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ፈተግ ፈተግ አደረጉ፤ የጠመኔ ዱቄት እንደሚያራግፍ ሰው። በኋላ እንደገባኝ ሲያስቡ ሁልጊዜ እንዲያ ያደርጋሉ። ሰው ሁሉ አያቱ አካባቢ ሲደርስ ግድግዳ ይገጥመዋል አሉኝ፤ ታሪክ የሚጀምረው ከግድግዳው ወዲያ ነው። የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልነግራቸው ወረድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእግራቸው ድምፅ አልረበሸኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን ዝም ሲል ይበልጥ ይረብሸኝ ጀመር።

መቀመጥ የሚባል ነገር አይችሉም ነበር። ምግብ ቆመው ይበላሉ። ቴሌቪዥን ቆመው ያያሉ። ሊያን ትምህርት ቤት ከሸኙ በኋላ አውቶቡስ ይዘው ኦሮራ የሚባለውን ጎዳና ቁልቁል ይወርዳሉ፤ መሐል ከተማ ላይ ቀይረው የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ቼሪ ስትሪት ይደርሳሉ፤ አንዱን ሱቅ ገብተው ሌላውን ወጥተው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ ምንም ሳይገዙ ሊያ ከመድረሷ በፊት ይመለሳሉ። ምን ሊያደርጉ ሄደው ነው እንዳይባሉ ሁልጊዜ ትልቅ ቦርሳ ይይዙ ነበር። ቦርሳው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው።

ሁሉም ነገር የተለወጠው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የታጠበ ልብስ ይዘን ከላውንድሪው ክፍል እየወጣን ነበር። ሊያ ፓርኪንጉ ውስጥ ጃስሚን ከምትባል የጎረቤት ልጅ ጋር ትጫወታለች። ጃስሚን የጥቁር አሜሪካውያን ልጅ ናት። በምን እንደተጣሉ አላየንም። ሊያ ግን ጮክ ብላ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ስትናገር ሰማናት፤ እናንተ ምንም ሳትሆኑ እኛ ነገሥታትና ግንቦች ነበሩን፤ እኛና እናንተ አንድ ዓይነት ጥቁሮች አይደለንም አለቻት። ጃስሚን ኳሷን ብቻ አንሥታ ወደ ቤቷ ገባች።

እትዬ ብርሃኔ ቅርጫቱን የሆነ ሰው መኪና ላይ አስቀምጠው መሄድ ጀመሩ። ያካፋ ነበር። ሕንፃውን ዞሩት፤ ተከተልኳቸው። እንደገና ዞሩት።

«ይህን ከማን ሰማች?» አሉኝ፣ ሳያቆሙ።

ልጆች የትም የሰሙትን ነው የሚናገሩት አልኳቸው።

«ከአባቷ ነው የሰማችው። ሲናገር ሰምቼዋለሁ። እሱስ ከማን ሰማ?» መልሱን ከእኔ አልጠበቁም። «ከእኔ።»

በዝናብ እየዞርን ነገሩኝ። የሚያስተምሩበት መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ስለቀረው አፍሪካ የሚናገር ምዕራፍ ነበረው። ስለ ኩሽ፣ ስለ ኒጀር ወንዝ ከተሞች፣ ስለ ምሥራቅ ዳርቻ ወደቦች፣ ስለ ዚምባብዌ የድንጋይ ካቦች። በየዓመቱ እዚያ ሳይደርሱ ፈተና ይደርሳል። በየዓመቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይሉና በሚቀጥለውም አይደርሱም። ቆይቶ መድረሱንም አልፈለጉትም። ተማሪዎቹ የሚወዱት አክሱምን ነው፤ አክሱምን ሲያስተምሩ ክፍሉ ይሞቃል፤ እሳቸውም ይሞቃሉ። አክሱምን ከሰማይ የወረደ አስመስለው፣ ዙሪያውን ጨለማ አድርገው አስተማሩ።

«አንድ አህጉር ዘለልኩ፣ ገኒ» አሉኝ። «ምዕራፍ መስሎኝ ነበር።»

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብተው በዚያ ትልቅ ቦርሳ መጽሐፍ ሞልተው መጡ። የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ እንግሊዝኛቸው ለንባብ አያንሳቸውም። ከዚያ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር፣ ደረጃ ላይም ሆነ መኪና ውስጥ፣ የሚያወሩት ያነበቡትን ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንኳ የተቆፈረ ነገር አለ። እሳቸው ሲያስተምሩ ያልታወቀ ከተማ አሁን ታውቋል። ይህ ያስደስታቸዋል ብዬ ስጠብቅ ያናድዳቸው ነበር። ጊዜ እንደቀደመው ሰው ያለከልካሉ።

ሳይውሉ ሳያድሩ ለልጆች የታሪክ ክፍል ከፈቱ። ሴንትራል ዲስትሪክት ውስጥ የአንድ የሐበሻ ጴንጤ ቤተ ክርስቲያን የምድር ቤት ክፍል በየቅዳሜው ጠዋት ተሰጣቸው። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ፓስተሩ ግን ለልጆች ታሪክ ማስተማር መልካም ነው ብለው ፈቀዱ። የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው ቀን ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ግድግዳ አስጠጉና ወለሉ ላይ ተንበርክከው በሰማያዊ ቴፕ አፍሪካን መሥራት ጀመሩ። እኔ ቴፑን እቆርጣለሁ፣ እሳቸው ይለጥፋሉ። ሲጨርሱ ክፍሉን ሞልቶት ነበር። ልጆቹ መጥተው ወንበር ሲፈልጉ፣ ተቀምጦ የሚማር ልጅ ይህን አህጉር አያውቀውም፣ በጣም ሰፊ ነው አሏቸው። እያንዳንዱን ልጅ አንድ ቦታ ላይ አቆሙት። አንዱን አባይ ዳር ኬርማ፣ አንዷን የኩሽ ዋና ከተማ ሜሮዌ፣ አንዱን የኖክ ሰዎች የሸክላ ራስ በሠሩበት አገር፣ አንዷን በምሥራቁ ዳርቻ ኪልዋ ወደብ ላይ። ሊያን አክሱም ላይ አላቆሟትም። ኒጀር ወንዝ መታጠፊያ ላይ፣ ጄኔ የምትባል ከተማ ላይ ነው ያቆሟት። ሊያ ለንቦጯን ጣለች።

በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ልጆቹ ተራመዱ። ወርቅ ይዘው በረሃ አቋረጡ፣ ብረት ይዘው ወንዝ ተሻገሩ። ሜሮዌ ላይ ያለችው ልጅ ያላትን ጽሕፈት ስታሳይ፣ ሊቃውንት ድምፁን ያነቡታል፣ ቃሉ ግን ምን ማለት እንደሆነ አብዛኛው እስከ አሁን አልታወቀም አሏቸው። አንዱ ልጅ በእንግሊዝኛ ማን ነው የሚያውቀው ብሎ ጠየቀ። ማንም፣ አሉት፤ ምናልባት አንተ ስታድግ። 

ሎረታ የመጣችው ልትጣላ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የምትኖር፣ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። የሐበሻ መኪና በየቅዳሜው የግቢዋን መውጫ ይዘጋባታል። ደረጃውን እያቃሰተች ወርዳ በሩ ላይ ቆመችና ግራጫዋ ቶዮታ የማን እንደሆነች ጠየቀች። የእኔ ነበረች። ላንቀሳቅሳት ስል ሎረታ ወለሉን አየች። ልጆቹን አየች። ይህ ምንድን ነው አለች። ኪልዋ ላይ የቆመችው ልጅ አፍሪካ ነው ብላ ነገረቻት።

ሎረታ «እና እኔ የት ልቁም?» አለች።

በቀልድ መልክ ነበር ያለችው። ግን የሳቀ የለም። እትዬ ብርሃኔን አየኋቸው፤ ጣቶቻቸውን እየፈተጉ ነው።  በመጨረሻ በዚያ የመጽሐፍ እንግሊዝኛቸው፣ አላውቅም፣ እስኪደክምሽ ድረስ ሂጂበት፣ የቆምሽበትን ቦታ አስተምራለሁ አሏት።

ሎረታ ከደቡብ ጀምራ ወደ ላይ ሄደች። ልጆቹ መንገድ ለቀቁላት። መሐል ላይ ስትደርስ ጉልበቷ አልችል አለና ወንበር ስጡኝ አለች፤ አንዱ ልጅ ሮጦ አመጣላት። ሰሐራ መሐል ተቀመጠች። በረሃ ላይ ተቀመጥሽ ብለው ልጆቹ ሳቁባት፤ እሷም ሳቀች።

እትዬ ብርሃኔ አልሳቁም። ያቺ ቦታ ጥንት በረሃ አልነበረችም አሉ። ሐይቅ ነበራት፣ ሣር ነበራት፤ ከብት የሚያረቡና ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ኖረውባታል፤ አለት ላይ የሣሉት ሥዕል ዛሬም አለ። ከዚያ ዝናቡ እየራቀ ሄደ። ሰዎቹም ተነሡ። ልጆቹን በሙሉ ከየቦታቸው ጠሩና ሎረታን ከበው እንዲቆሙ አደረጓቸው፤ ከዚያ ገሚሱን ወደ አባይ፣ ገሚሱን ወደ ቻድ፣ ገሚሱን ወደ ኒጀር ሰደዷቸው። ልጆቹ ከወንበሯ ሥር ተነሥተው እየተበታተኑ ሄዱ። ሎረታ ዞር ዞር እያለች አየቻቸው።

እንግዲያው ሁሉም ከእኔ ዘንድ ነው የተነሣው ማለት ነው ብላ ጠየቀች። እትዬ ብርሃኔ፣ ነው ብሎ የሚምል የለም፣ አይደለም ብሎ የሚምልም የለም አሏት። ሎረታ ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም። «ፕሮፌሰር» ብላ ትጠራቸው ነበር።

ወሬው የተነሣው ከዚያ ነው። አንዳንድ ወላጆች፣ የማናውቃት ሴት ከልጆቻችን ጋር ምን ታደርጋለች አሉ። ሌሎቹ ስለ ትምህርቱ ተከፉ። አንድ ቀን ሁለት ልጆቹን የሚያመጣ አባት መጨረሻው ላይ ገብቶ ስለ ጄኔ ሲወራ ሰማና ንጉሣቸው ማን ይባላል ብሎ ጠየቀ። እትዬ ብርሃኔ፣ ንጉሥ የለም አሉት፤ ትልቅ ከተማ ነው፣ ብዙ ሕዝብ ነው፣ ግን የንጉሥ ቤት ተፈልጎ አልተገኘም። ታዲያ እንዴት ከተማ ሆነ አላቸው። እኔም የማስበው እሱን ነው፣ እስቲ አብረን እናስብ አሉት። ሰውየው አብሮ ማሰብ አልፈለገም። ልጆቼን የላክኋቸው የእኛን ነገሥታት እንዲያውቁ ነው፣ ንጉሥ ያልነበረውን ሕዝብ ማወቅ ምን ያደርግላቸዋል ብሎ ይዟቸው ወጣ። ሊያ ጄኔ ላይ እንደቆመች ነበር። ወደ እግሯ ተመለከተች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክፍሉ ለኳየር ልምምድ ተፈለገ ተባልን። በትሕትና ነው የተነገራቸው። እትዬ ብርሃኔም በትሕትና አመሰገኑ፤ ከዚያ ተንበርክከው ቴፑን በጥፍራቸው ነቀሉት፣ አህጉሩን በሙሉ፣ እኔንም ሎረታንም አላስነካም ብለው። ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን፤ እዚያ ጫጫታ አይፈቀድም። ወደ አንድ ፓርክ መጠለያ ሄድን፤ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቴፕ አይይዝም፤ ንፋስ ሲመጣ የምዕራብ ዳርቻ ተነሥቶ ይሄዳል። ልጆቹ እየቀነሱ መጡ። እሳቸው በተቃራኒው ባሰባቸው። መኪና ውስጥ እጃቸው በር መክፈቻው ላይ ነው፤ ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ወርደው በእግራቸው የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ሎረታ ባሏ ከሞተ ወዲህ ባዶ የቆመውን ጋራዥ ከፈተችልን።

ያን ቀን እትዬ ብርሃኔንና ሊያን ይዤ ስመለስ ዳዊት ወጥ ቤቱ ውስጥ እየጠበቀ ነበር። ሊያን ወደ ክፍሏ ላካት። እኔ ልወጣ ስል እትዬ ብርሃኔ ቆይ አሉኝ፤ ቆየሁ፣ ባልቆይ እየወደድኩ።

«እማዬ፣ ኮል ያላደረገኝ ሰው የለም» አላቸው። «እናትህ ምን እያስተማረች ነው ይሉኛል። ሶ፣ እኔ ምን ልበላቸው? እዚህ አገር ልጆቻችን እንዲከበሩ ነው የምንለፋው። የተለየ ታሪክ አለን፤ ያለን እሱ ነው። እሱንም አንቺ ከሁሉም ጋር ቀላቀልሽው።»

«የተለየን ነን ያለህ ማነው?»

«አንቺ ነሻ! ክላስሽ ውስጥ ነበርኩ እኮ፤ መስኮቱ ሥር። በዙሪያችን ሁሉ ጨለማ ነበር፣ መብራቱ እኛ ጋ ብቻ ነበር ያልሽው አንቺ ነሽ። ለሊያ የነገርኳት አንቺ የነገርሽኝን ነው።»

እትዬ ብርሃኔ መንጎራደዳቸውን አቆሙ። ያን ያህል ጊዜ በአንድ ቦታ ሲቆሙ አይቻቸው አላውቅም።

«አዎ፣ ብያለሁ» አሉት። «ስሳሳት ማንም አላረመኝም፤ እኔም ራሴን አላረምኩም። አሁን ላርም ብል እንዴት ትከለክለኛለህ፣ ዳዊቴ?»

«በእኔ ልጅ ላይ ግን አይሆንም» አላቸው። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሊያ እንደማትሄድ ነገራቸው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። 

የገና ሰሞን ነበር። በሳምንቱ እትዬ ብርሃኔ ሻንጣቸውን ይዘው ወርደው በሬን አንኳኩ። ወዴት ነው ስላቸው ወደ ሎረታ አሉኝ፤ ፎቅ ላይ ያለውን ክፍል ሰጥታቸዋለች። እትዬ፣ እንዴት ይሆናል፣ ሰው ምን ይላል አልኳቸው። አንቺ ካላደረስሽኝ በአውቶቡስ እሄዳለሁ አሉኝ። አደረስኳቸው። መንገዱን ሙሉ ሻንጣውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይዘውት ነበር፣ ዳዊት ከኋላ ሮጦ የሚነጥቃቸው ይመስል።

በሐበሻው ዘንድ ጉድ ተባለ። የአንድ ልጅ እናት የልጇን ቤት ትታ ከባዕድ ቤት ገባች። ሁለት ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ሄዱ፤ ቤቱን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ነዳሁላቸው። ሎረታ ሳሎኗን ለቀቀችልን። ሽማግሌዎቹ እትዬ ብርሃኔ እስኪቀመጡ ድረስ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ እትዬ ብርሃኔ ደግሞ አይቀመጡም፤ ሦስቱም ቆመው ተነጋገሩ። ልጅዎን ይቅር ይበሉትና ይመለሱ አሏቸው። ዳዊት አልበደለኝም፣ ያስተማርኩትን ነው የደገመልኝ አሉ። እንግዲያው ይመለሱ አሏቸው። ልጅቷን ቅዳሜ ቅዳሜ ይላካት፣ ሌላ ነገር አልፈልግም አሉ። መልእክቱን ለዳዊት አደረሱለት። አይሆንም አለ።

ወራት አለፉ። የዳዊትን ሁኔታ ፎቁ ውስጥ እሰማው ነበር፤ አሁን ከመስኮት እስከ በር የሚመላለሰው እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ሎረታ ጋራዥ ውስጥ ሳለን ውጭ መኪና ቆመ። ሊያ ወረደች። ዳዊት ከመሪው ሳይነሣ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ እሷ መግባቷን ብቻ አይቶ ሄደ። ምን ሐሳቡን እንዳስለወጠው አልጠየቅኩትም። ሂሩት ናት የሚሉ አሉ፤ ሊያ ራሷ ምግብ አልበላም አለች የሚሉም አሉ። እትዬ ብርሃኔ ሊያን አልሳሟትም፤ ሂጂና ጄኔ ላይ ቁሚ ብቻ ነው ያሏት። ከዚያ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ለረዥም ጊዜ ቴፕ ፈለጉ፤ ቴፑ እጃቸው ላይ ነበር።

ወደ ልጃቸው ቤት ተመልሰው አልገቡም። እስኪሞቱ ድረስ ከሎረታ ጋር ነው የኖሩት፤ ክፍሉም እስከዚያ ድረስ ሳይቋረጥ ቆየ። ብዙ ልጆች ገቡ፣ ብዙ ልጆች ወጡ። ጃስሚንም አንድ ሁለት ጊዜ መጥታ ነበር፤ ከሊያ ጋር ጓደኛ ሆኑ ብዬ አልዋሽም፣ አልሆኑም። ይህን ሁሉ ሰው ሲጠይቀኝ በአጭሩ እናገራለሁ። ሊያ ከተመለሰች በኋላ ስለነበረችው አንድ ቅዳሜ ግን በአጭሩ መናገር አልችልም።

ከባድ ዝናብ ነበር፤ የጋራዡ ቆርቆሮ ያስተጋባል። ጉንፋን ገብቶ ስለነበር ብዙ ልጆች ቀርተዋል፤ አህጉሩ ባዶ ባዶ ይላል። ሊያ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አክሱም ላይ ቆማለች። በጣም ደስ ብሏት ነበር። ዳዊት የሥራ ፈረቃው ስለተቀየረ ልጁን ቀደም ብሎ ሊወስድ መጣ። የመኪናውን ጡሩምባ ነፋ፤ በዝናቡ አልሰማነውም። ሲታክተው የፋብሪካውን ጃኬት እንደለበሰ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ከዚያ በፊት ጋራዡ ውስጥ እግሩን አስገብቶ አያውቅም።

እናቱ አዩት። ሰላም አላሉትም።

«ዳዊት፣ ሜሮዌ ሰው የላትም» አሉት። «እዚያ ቁም።»

ሰዓቱን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ እንደ ተማሪ የተባለበት ቦታ ሄዶ ቆመ። እትዬ ብርሃኔ ትምህርታቸውን ከቆመበት ቀጠሉ። ስለ ሜሮዌ ንግሥቶች፣ ስለ ብረት ማቅለጫዎቿ፣ ስለ ጽሕፈቷ ተናገሩ፤ በእጃቸው ልጃቸውን እያመለከቱ፣ እሱም አንዴ በአንዱ እግሩ አንዴ በሌላው እየቆመ። ከዚያ ወደ አክሱም ዞሩ። ሜሮዌ እየደከመች በሄደችበት ዘመን የአክሱም ንጉሥ ወደ አባይ ወንዝ አገር ዘመተ አሉ። እኔ በሥራ ዘመኔ ስለዚህ ዘመቻ ለተማሪዎቼ የነገርኳቸው «ድል አደረገ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ ንጉሡ ራሱ ግን ከዚያ የበለጠ በድንጋይ ላይ አስጽፏል አሉ። አንብቢ፣ እያነበብሽም ወደ ሜሮዌ ሂጂ ብለው ሊያን አዘዟት።

ሊያ አማርኛ ቀስ ብላ ነው የምታነበው። አያቷ የድንጋዩን ጽሑፍ ሐሳብ በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፈውላታል። ንጉሡ የሸሹትን እየተከተለ እንደሄደ አነበበችና ተራመደች። ወታደሮቹ እህሉን፣ ነሐሱንና ብረቱን እንደወሰዱ አነበበችና ተራመደች። አባቷ ፊት ደረሰች። የሚቀጥለውን በዓይኗ አየችውና ቆመች። የድንጋዩንም የሣሩንም ከተማ እንዳቃጠለ የሚናገረው ቦታ ነበር።

በእንግሊዝኛ፣ ይህን ማንበብ አልፈልግም አለች። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረች፦ «አባዬ እኮ እዚያ ነው ያለው።»

«ያኔም እዚያ የሰው አባት ነበረ» አሏት እትዬ ብርሃኔ።

 ሎረታ ምን አሉ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ዓይኗን ከወለሉ ላይ አላነሣችም። ዳዊት እናቱን ቀና ብሎ አያቸው። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ልጁን ይዞ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ፊቱን ከሊያ ፊት ጋር አስተካከለ።

«አንብቢው፣ እናቴ» አላት። «እኔም አልሰማሁትም ነበር።»

ሊያ አነበበች። እየተንተባተበች፣ ድምፅዋ እየወረደ፣ እስከ መጨረሻው። ስለተቃጠሉት ቤቶች፣ ስለወደቁት ምስሎች፣ ወንዝ ውስጥ ስለተጣለው እህልና ጥጥ። የዳዊት የሥራ መግቢያ ሰዓት አለፈ። ሜሮዌ ላይ እንደቆመ ነበር።